መጀመሪያ እናቲቱ ትዳን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ላቭበርድ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ በቀቀኖች አሉኝ። ሁለቱም ፊታቸው ቀላ ያለ፣ በዓይናቸው ዙሪያ ነጭ ቀለበት የሌላቸው ናቸው። ስገዛቸው የ8 ወር ዕድሜ እንዳላቸውና ጥንድ እንደሆኑ ተነግሮኛል። የጎጆ ሳጥን ሰቅዬላቸው ብዙም ሳይቆዩ ሴቷ 4 እንቁላል ጣለች፤ እስከ 15ኛው ቀን ምንም ስላልተፈለፈለ አውጥቼ ጣልኩት። ወዲያው ደግማ 5 ጣለች። አንድ ወር ታቅፋ ምንም ሲጠፋ ሰብሬ ባያቸው ሦስቱ ውሃ ብቻ ናቸው፤ በሁለቱ ውስጥ ግን ሙሉ ጫጩት ሞቶ አገኘሁ። በጣም አለቀስኩ። አሁን ሦስተኛ ዙር ጀምራለች። የመጀመሪያው እንቁላል ቅርፊቱ በጣት ሲነኩት የሚሰረጉድ፣ ለስላሳ ሆኖ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ግማሽ ቀን ያህል በኬጁ ወለል ላይ ላባዋን ነፍታ ተቀምጣ ነበር። የምሰጣቸው ደረቅ የወፍ እህል ነው፤ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የሱፍ ፍሬ ነው። ሳጥኑ ንጹሕ እንዲሆን በየሦስት ቀኑ እሷ የምታስገባውን ቁርጥራጭ እያወጣሁ ጥጥ አነጥፍላታለሁ፤ ታጥባ እየገባች ጎጆውን ስለምታረጥበውም የመታጠቢያውን ሳህን አንሥቻለሁ። መፈልፈያ ማሽን ልግዛ? ወይስ ወንዱን ልቀይር? እንቁላሉን የሚያጠነክር መድኃኒትስ አለ?

ግራ የገባኝ ወፍ ወዳድ

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ስለ ማሽኑም ስለ ወንዱም እመልስልዎታለሁ። በደብዳቤዎ ውስጥ በሁለት ዐረፍተ ነገር ያለፉት ጉዳይ ግን ከሁሉም ይቀድማል፦ ቅርፊቱ የለሰለሰ እንቁላል፣ ከዚያም በፊት ግማሽ ቀን ወለል ላይ ላባዋን ነፍታ የተቀመጠች ወፍ። ሳነብ የደነገጥኩት እዚህ ላይ ነው። የሞቱት ጫጩቶች ምን ያህል እንዳሳዘኑዎት ይገባኛል፤ አሁን ግን አደጋ ላይ ያለችው እናቲቱ ናት። ላቭበርድ እንቁላሏን የምትጥለው ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን እያሳለፈች ነው፤ ስለዚህ የሚቀጥለው እንቁላል በሆዷ ውስጥ እየተሠራ ሊሆን ይችላል። የቀረውን ከማንበብዎ በፊት ወፍ የሚያክም የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ደውለው ዛሬውኑ ሊያይልዎ ይችል እንደሆነ ይጠይቁ።

ምን እየሆነ እንዳለ ላስረዳ። አንዲት ላቭበርድ ብትመዘን 50 ግራም ገደማ ናት። የእንቁላል ቅርፊት ደግሞ ከሞላ ጎደል ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ይህን ካልሲየም ከምግቧ በበቂ ካላገኘች ከገዛ አጥንቷ ትወስዳለች። የእርስዎ ወፍ ገና በልጅነቷ ጀምራ፣ ዕረፍት ሳታገኝ፣ 10ኛው እንቁላል ላይ ደርሳለች፤ አብልጣ የምትበላው ደግሞ ስቡ የበዛ፣ ካልሲየሙ እጅግ ያነሰ የሱፍ ፍሬ ነው። ከአጥንት የሚወሰደው ሲያልቅ ጉድለቱ በቅርፊቱ ላይ ይታያል። በዚህ ቢያበቃ እንኳ ባልከፋ ነበር። ካልሲየም ጡንቻ እንዲኮማተርም ያስፈልጋል፤ እንቁላሉን ገፍቶ የሚያወጣው ደግሞ ጡንቻ ነው። ስለዚህ ካልሲየም ሲጎድል ቅርፊቱም ይለሰልሳል፣ የሚገፋውም ይደክማል። ለስላሳው እንቁላል በበኩሉ ሲገፉት ይጨማደዳል እንጂ ወደ ፊት አይሄድም። እንዲህ ሲሆን እንቁላሉ መንገድ ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል። ወፍዎ ባለፈው ግማሽ ቀን ሙሉ የታገለችው ከዚህ ጋር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ወጥቶላት ተርፋለች።

እንቁላል የተቀረቀረባት ወፍ በመቆሚያው እንጨት ላይ መቆም ያቅታትና ወለል ትይዛለች። ላባዋ ይነፋል፣ ዓይኗ ይከደናል፣ ጅራቷ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ታምጣለች፤ የሚወጣ ነገር የለም። የሆዷ የታችኛው ክፍል አብጦ ይታያል። እንቁላሉ ነርቯን ከተጫነው አንድ እግሯን ወይም ሁለቱንም መጎተት ትጀምራለች። ይህን ሲያዩ “እስከ ነገ ልጠብቅ” አይበሉ። በዚህ ትንሽ ሰውነት ላይ ነገሩ በሰዓታት ውስጥ ሊከፋ ይችላል።

ሐኪም ዘንድ እስክትደርስ የሚረዳት ሙቀት፣ እርጥበትና ጸጥታ ነው። አየር የሚገባበት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ፎጣ አንጥፈው ያስቀምጧት። ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት በአንድ ወገን ብቻ ይስጧት፤ ሲበዛባት ወደ ሌላው ጥግ የምትሸሽበት ቦታ ይኑራት። በፎጣ የተጠቀለለ ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ይበቃል። አጠገቧ የሚቀመጥ እርጥብ ጨርቅ አየሩን ያረጥበዋል። የማሞቂያ መብራት ወይም ምድጃ የሚጠቀሙ ከሆነ ግን በማይጣበቁ መጥበሻዎች ላይ የሚቀባው ዓይነት ሽፋን የሌለበት መሆኑን ያረጋግጡ፤ ያ ሽፋን ከልክ በላይ ሲግል የሚወጣው ጢስ ለሰው ሳይታወቅ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል።

ሆዷን በፍጹም አይጫኑ። እንቁላሉ በውስጧ ከተሰበረ የቅርፊቱ ስለት ያቆስላታል፣ ኢንፌክሽንም ይከተላል። ዘይት በአፏ ማጠጣትም ብዙዎች የሚመክሩት፣ እኔ ግን አጥብቄ የምቃወመው ነገር ነው። የምትውጠው ዘይት የሚሄደው ወደ አንጀቷ ነው፤ እንቁላሉ ያለው በሌላ ቱቦ ውስጥ ስለሆነ አይደርስበትም፤ ስትታገል ደግሞ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ሐኪሙ በራጅ እንቁላሉ የት እንዳለ አይቶ ካልሲየምና ፈሳሽ በመርፌ ይሰጣታል። በዚህ ካልወጣ የእንቁላሉን ይዘት በመርፌ መጥጦ ቅርፊቱን የሚያወጣበት መንገድ አለው። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ቤት ውስጥ አይሞከርም።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ጥያቄ ልምጣ። የሚያስፈልጋት በአብዛኛው በምግብ ሳህኗ ውስጥ የሚጨመር ነገር ነው። ደረቅ እህል ብቻ የምትበላ ወፍ ሆዷ ጠግቦ ሰውነቷ ይራባል። ላቭበርድ ትንሽ በቀቀን ናትና ዋና ምግቧ ለበቀቀኖች ተመጣጥኖ የተዘጋጀ መኖ ቢሆን ይመረጣል፤ ከጎኑ ጎመን፣ ብሮኮሊ፣ ካሮትና ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የበቀለ እህል በየቀኑ ትኩስ ትኩሱን ይስጧት። የሱፍ ፍሬውን ግን በአንድ ቀን አይከልክሉ። ላቭበርድ የማታውቀውን ምግብ እንደ ምግብ ሳትቆጥር ቀኑን ሙሉ ጾሟን ልትውል ትችላለች። አዲሱን ከአሮጌው ጋር እያቀላቀሉ፣ የአሮጌውን መጠን በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ እየቀነሱ ያሻግሯት። ለካልሲየም የሚሆነው ከትልፊሽ ከሚባለው የባሕር እንስሳ የሚገኘው ነጭ አጥንት ነው፤ በኬጁ ሽቦ ላይ ለስላሳ ጎኑን ወደ ውስጥ አድርገው ይሰሩላት፤ በፈለገች ጊዜ ትፍቀዋለች። ካላገኙ የዶሮ እንቁላል ቅርፊት 10 ደቂቃ ያህል ቀቅለው፣ አድርቀውና ደቁሰው በትንሽ ሳህን ያቅርቡላት።

ካልሲየሙ ከአንጀቷ ወደ ደሟ እንዲገባ ቫይታሚን ዲ3 ያስፈልጋል። ወፏ ይህን ቫይታሚን ቆዳዋ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኝ ትሠራለች፤ ነገር ግን በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ብርሃን አያገለግላትም፤ አስፈላጊውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። በጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ግማሹ ጥላ የሆነ ቦታ ላይ፣ እርስዎ አጠገቧ ሆነው ኬጁን ወደ ውጭ ያውጡላት። ሐኪም ያላዘዘውን የካልሲየምና የዲ3 ጠብታ ደራርበው እንዳይሰጧት ግን አደራ፤ ዲ3 ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል። አቮካዶና ቸኮሌት ለወፍ መርዝ መሆናቸውንም በዚሁ ይያዙልኝ።

ስለ ሦስተኛው ዙር ቁርጥ ያለ ሐሳብ አለኝ፤ ከዚህ ዙር ጫጩት አይጠብቁ። እናቲቱ አሁን የምትጥላቸው እንቁላሎች ቢፈለፈሉ እንኳ ለሳምንታት የምትመግባቸው ይህችው የተሟጠጠች ወፍ ናት። ነገር ግን እንቁላሉን ዝም ብለው አንሥተው አይጣሉ። የመጀመሪያዎቹን 4 ሲወስዱባት ወዲያው ሌላ 5 የጣለችው የጎደለውን ለመተካት ነው። እንቁላል በወሰዱባት ቁጥር ሰውነቷ እንደገና ወደ ሥራ ይገባል። ስለዚህ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ፣ መጠኑ የእሷን የሚያክል ሐሰተኛ እንቁላል ያዘጋጁና እያንዳንዱን በጣለችበት ዕለት፣ ጽንሱ ማደግ ሳይጀምር፣ ይተኩት። ሐሰተኞቹን ታቅፋ ትቀመጥ፤ መታቀፍ ራሱ ተጨማሪ እንቁላል እንዳትጥል ያግዳል። ሦስት አራት ሳምንት ቆይታ በራሷ ጊዜ ትታቸው ስትነሣ ያን ጊዜ ሐሰተኞቹንም ሳጥኑንም ያንሡ። እውነተኛ እንቁላል መተካት እንደሚከብድዎት አውቃለሁ፤ እኔም ለማንም ቀላል ነው አልልም። እናቲቱን ከማጣት ግን ይሻላል።

እናቲቱ በሐኪም እጅ ከገባች በኋላ ያለፉትን ሁለት ዙሮች አብረን እንመርምር፤ ለሚቀጥለው ጊዜ የሚጠቅመን እዚያ ውስጥ አለ።

በ15ኛው ቀን አውጥተው የጣሏቸው አራቱ እንቁላሎች ዘር ይኑራቸው አይኑራቸው አሁን የሚታወቅበት መንገድ የለም። የላቭበርድ እንቁላል ለመፈልፈል 23 ቀን ገደማ ይፈልጋል። ቀኑ የሚቆጠረው ደግሞ እናቲቱ አጥብቃ መታቀፍ ከጀመረችበት ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው እንቁላል በኋላ ይሆናል። የመጨረሻው እንቁላል ከተጣለ 28 ቀን ሳይሞላው ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

“ውሃ ብቻ” ያሏቸው ሦስቱም ባዶ ነበሩ ብሎ ለመደምደም ያስቸግራል። እንቁላል በእናቱ ሙቀት ሥር አንድ ወር ከቆየ በኋላ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሞተ ጽንስ ሟሙቶ፣ ጭራሽ ዘር ካልያዘው እንቁላል ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱን ማየት የሚቻለው በጊዜው ብርሃን በማብራት ነው። መታቀፍ ከጀመረች ከሳምንት በኋላ፣ ለመብላት ስትወጣ ጠብቀው፣ እጅዎን ታጥበው፣ ክፍሉን አጨልመው የማያሞቅ ትንሽ የእጅ ባትሪ በእንቁላሉ ወፍራም ጫፍ በኩል ያብሩ። ሕይወት ያለው እንቁላል ውስጡ ወደ ቀይ ያደላል፤ በመካከሉ አንዲት ጠቆር ያለች ነጥብ ትታያለች፣ ከእሷም እንደ ክር የቀጠኑ የደም ሥሮች ወደ ዙሪያው ይዘረጋሉ። እጅዎን ሳያንቀጠቅጡ ትንሽ ከቆዩ ነጥቧ ስትመታ ያያሉ። ያ ልብ ነው። ዘር ያልያዘ እንቁላል ግን ወጥ የሆነ ቢጫ ብርሃን ብቻ ያሳልፋል። የደም ሥሮቹ ጠፍተው ቀይ ቀለበት ብቻ ከቀረ ጽንሱ ጀምሮ ሞቷል ማለት ነው። ምልክት ማድረግ ካስፈለገዎት ለስላሳ እርሳስ ይጠቀሙ፤ ቀለም በቅርፊቱ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ይህን አንዴ በሳምንቱ፣ አንዴ ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ማድረግ ይበቃል። በየቀኑ ማውጣት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ብዙ የሚነግሩን ግን ሙሉ ሆነው የሞቱት ሁለቱ ናቸው። ጫጩት እስከ መጨረሻው አድጎ በር ላይ ሲደርስ የሚሞትበት ምክንያት ብዙ ነው። የምግብ ጉድለት፣ በቅርፊቱ በኩል የገባ ባክቴሪያ፣ የእንቁላሉ ደጋግሞ መቀዝቀዝ፣ የወላጆቹ የሥጋ ዝምድና ሁሉ ይገኙበታል። የመጨረሻውን ለማጣራት ወፎቹን ከሸጠልዎ ሰው ሁለቱ ከአንድ ጎጆ የወጡ ወንድምና እህት መሆን አለመሆናቸውን ይጠይቁ፤ በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ ቀን የተገዙ ወፎች እንዲህ ሆነው መገኘታቸው ብርቅ አይደለም። በደብዳቤዎ ውስጥ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየኝ ድርቀት ነው።

እንቁላል በሚታቀፍበት ጊዜ ሁሉ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች በኩል ውሃ እያተነነ ይወጣል፤ እስኪፈለፈል ድረስ ከክብደቱ 15 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህ ተፈጥሯዊ ነው፤ ጫጩቱ የመጀመሪያ ትንፋሹን የሚስብበት የአየር ኪስ የሚሰፋው በዚህ መንገድ ነው። ጎጆው ከመጠን በላይ ሲደርቅ ግን እንቁላሉ ብዙ ውሃ ያጣል፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ይደርቅና እንደ ብራና ጠንክሮ ከጫጩቱ ገላ ጋር ይጣበቃል። ጫጩቱ ለመውጣት በቅርፊቱ ውስጥ እየዞረ ዙሪያውን መስበር አለበት፤ ሽፋኑ ሲይዘው መዞር አይችልም። እዚያው ደክሞ ይሞታል።

እናቲቱ ይህ እንዳይሆን የምትከላከልበት የራሷ ዘዴ አላት። ፊተ ቀይዋን ላቭበርድ ሥራ ላይ ሆና አይተዋት ያውቃሉ? ወረቀቱን ወይም ቅጠሉን በምንቃሯ ጫፍ እየበሳች በቀጥታ መስመር ትሄድና ረጅም ቀጭን ቁራጭ ታወጣለች። ከዚያ አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ ቁራጩን በወገቧ ላባ መካከል ትሰካዋለች፤ ላባዋን ትነፋለች፣ ታስገባለች፣ መልሳ ትገጥመዋለች። እንዲህ እያደረገች ብዙ ቁራጭ ተሸክማ ትበርራለች፤ ከፊሉ መንገድ ላይ ይወድቅባታል፣ ተመልሳ ሌላ ትቆርጣለች። ርጥብ ቅርፊትና አረንጓዴ ቅጠል ስታገኝ ደግሞ አብልጣ ትመርጣለች፤ ጎጆዋ ውስጥ ቀስ እያለ እርጥበት የሚተነው ከእሱ ነው። ታጥባ ስትገባም ሆዷ ላይ ባለው ላባ ውሃ ይዛ ትገባለች። የዚህ ዝርያ አገር ናሚቢያን ጨምሮ ደረቁ የደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ክፍል ነው፤ እዚያም ቢሆን እነዚህ ወፎች ከውሃ ብዙ ርቀው አይኖሩም።

እርስዎ ንጽሕናን አስበው ያወጡባት ቁርጥራጭ ጎጆዋ ነበር፤ ያነሡባት ሳህንም የእንቁላሎቹ ውሃ ነበር። በክፋት አላደረጉትም፤ ብዙ ወፍ ወዳዶች በቅን ልብ የሚያደርጉት ነው። መታጠቢያውን ዛሬውኑ ይመልሱላት። ጥጡን ደግሞ ለሁልጊዜው ያስወግዱት። ጥጥ እርጥበት አይጠብቅላትም፤ ክሩም በጫጩት ጣትና እግር ላይ ተጠምጥሞ ደም እስኪያቆም ያጠብቃል። የሳጥኑን ውስጥ ማጽዳት የሚገባው ከአንድ ዙር በኋላ፣ ሁሉም ሲወጡ ነው። ሲያጸዱ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ አቧራውንም አስቀድመው ውሃ ይርጩበት፤ ከበቀቀን ዘሮች ወደ ሰው የሚተላለፍ የሳንባ በሽታ አለ፤ የሚተላለፈውም በደረቀ ኩስ አቧራ ነው።

ማሽኑን አይግዙ። ማሽን የእናቲቱን የካልሲየም ጉድለት አይፈውስም፤ እርጥበቱን በትክክል ካልጠበቁለት ደግሞ እሱም እንቁላሉን ያደርቃል። ቢሳካልዎ እንኳ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ይበልጥ ከባድ ነው። ዓይኑ ያልተከፈተ፣ ከሦስትና ከአራት ግራም የማይበልጥ ጫጩት በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ፣ በልኩ የሞቀ ምግብ በእጅ መመገብ አለበት። ይህን የሚችሉ የሠለጠኑ ሰዎች አሉ። ለጀማሪ የምመክረው ግን አይደለም፤ እናትና አባት እያሉለት ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም።

ወንዱንም አይቀይሩ። ሁለት ሙሉ ጫጩት የእሱን ድርሻ መስክረውለታል። የቀሩት እንቁላሎች ባዶ ሆነው ከነበረ መጀመሪያ የመቆሚያውን እንጨት ይፈትሹ። የሚወዛወዝ ወይም የሚያንሸራትት እንጨት ላይ የሚደረግ ግንኙነት አይሳካም፤ ልጡ ያልተላጠ፣ በሁለቱም ጫፍ ተጠብቆ የታሰረ የዛፍ ቅርንጫፍ ያስገቡላቸው። ዕድሜያቸው ገና መሆኑም አንድ ምክንያት ነው። ላቭበርዶች ዓመት ሳይሞላቸው እንቁላል ሊጥሉ ይችላሉ፤ ያ ግን ለመውለድ ደርሰዋል ማለት አይደለም።

እግረ መንገዴን ለሌሎች አንባቢዎችም አንድ ነገር ልበል፤ ደብዳቤ እየጻፉ ያሉ ብዙዎች አሉና። በጎጆው ውስጥ 8፣ 10 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ካዩና አንዱም ሕይወት ከሌለው ሁለቱም ሴቶች ሊሆኑ ይችላሉ። አንዲት ሴት በአብዛኛው የምትጥለው ከ4 እስከ 6 ነው። ሁለት ሴቶች ተላምደው እንደ ባልና ሚስት ይኖራሉ፤ ይመጋገባሉ፣ አንዷ በሌላዋ ላይ ትወጣለች፣ ሁለቱም ሳጥኑ ውስጥ ይታቀፋሉ። እንደ ጥቁር ክንፉ ላቭበርድ ያሉ ጥቂት ዝርያዎች ወንድና ሴታቸው በመልክ ይለያል፤ በብዛት በቤት የሚረቡት ፊተ ቀዩና በዓይናቸው ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያላቸው ግን በመልክ አይለዩም። በጣት የዳሌ አጥንት ዳስሶ መገመትም ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ላባን ከነሥሩ ነቅሎ በዲኤንኤ ማስመርመር ነው የሚያስተማምነው። ፊተ ቀዩን ነጭ ቀለበት ካለው ጋር ያጣመረ ሰው ደግሞ ዝርያቸው የተለያየ መሆኑን ይወቅ፤ ቢፈለፈሉ እንኳ ልጆቹ ብዙውን ጊዜ መካን ይሆናሉ። እንዲህ ያለውን ጥንድ አለማስፈልፈል ይሻላል። ብቻዋን የምትኖር ሴት እንቁላል ስትጥል የምትደነግጡም አትደንግጡ፤ ያለ ወንድም ትጥላለች። የቀኑን ብርሃን አሳጥሩላት፣ የምትቦጫጭቀውን ወረቀትና የምትገባበትን ጨለማ ጥግ አንሡባት፣ ጀርባዋንም አታሻሹ፤ ከጭንቅላቷና ከአንገቷ በታች መዳሰስ ለመራባት ያነሣሣታል።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ሳጥኑ ከተነሣ በኋላ ቢያንስ ለ6 ወር አይመልሱት። ጥንዶቹን መለያየት አያስፈልግም፤ ብርሃኑን በቀን ወደ 10 ሰዓት ዝቅ ማድረግና ጎጆ የሚመስለውን ሁሉ ማንሣት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በወለሉ ላይ እንኳ መጣሏን ከቀጠለች ግን በሽቦ ብቻ ተለያይተው ጎን ለጎን የሚያድሩበት ኬጅ ያስፈልጋል፤ ሐኪምዎም የሆርሞን መርፌ ሊያስብላት ይችላል።

ጊዜው ሲደርስ ሳጥኑን በኬጁ ውጭ በኩል ከፍ አድርገው ይስቀሉት፤ ክዳኑን ከውጭ ከፍተው ማየት ይችላሉ፣ እሷም እጅዎ ቤቷ ውስጥ ሲገባ አትሸበርም። ርዝመቱም ወርዱም ወደ 20 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ ወደ 25፣ የመግቢያው ቀዳዳ 5 ሴንቲሜትር ቢሆን ይመቻታል። ወለሉ ላይ ጥቂት የእንጨት ፍቅፋቂ ያንጥፉ፤ የጥድ ሽታው የሚከነክን ዓይነት ግን አይሁን። የቀረውን ለእሷ ይተዉላት። ቀለም ያልታተመበት ወረቀትና መርዝ ያልተረጨበት አረንጓዴ የዘንባባ ቅጠል ያቅርቡላት፤ እሷው ትሠራዋለች። በዓመት ከሁለት ዙር በላይ አይፍቀዱ። በመፈልፈያው ቀን ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ሰዓታት ቢያልፉም እጅዎን ይሰብስቡ። ጫጩቱ ከመጀመሪያው ስንጥቅ እስከ መውጣቱ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ሊፈጅበት ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ እየሳበ፣ በሽፋኑ ላይ ያለውን ደም ወደ ገላው እየሰበሰበ ነው። ቸኩሎ ቅርፊቱን የሚልጥለት ሰው ደሙን ያፈስሰዋል።

ይህን ሁሉ አስተካክለውም በሚቀጥለው ጊዜ ጫጩቶች ቅርፊት ውስጥ ከሞቱ የሞተውን እንቁላል ሳይሰብሩ በንጹሕ ከረጢት አድርገው በማቀዝቀዣ ያቆዩና ሳይዘገይ ለሐኪሙ ይውሰዱት፤ በረዶ ቤት ውስጥ ግን አይክተቱት። ያን ጊዜ ባክቴሪያም ሆነ ቫይረስ መኖሩን በምርመራ መለየት ይቻላል።

እስከዚያው አንድ ሥራ ልስጥዎ። ግራም የሚለካ ትንሽ ሚዛን ያግኙና እናቲቱን በየሳምንቱ፣ ጠዋት ከመብላቷ በፊት፣ ይመዝኗትና በወረቀት ይያዙት። ምግቧን በምትለውጥበት ጊዜ እየከሳች እንደሆነ ወይም እያገገመች እንደሆነ ከላባዋ ቀድሞ የሚነግርዎ ሚዛኑ ነው። ሐኪሙ የነገረዎትንና የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ክብደቷን ጽፈው ይላኩልኝ፤ ሳጥኑ የሚመለስበትን ጊዜ ያን አይተን እንወስናለን።